አኒሜሽን መማር ለሚፈልግ ልጅ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል? ለሞላሌና ለአካባቢዋ ተማሪዎችና ወላጆች



የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የምንሰማው ጥያቄ "ጤና ልሙላ ወይስ ኢንጂነሪንግ?" የሚል ነበር። አሁን አሁን ግን አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል፦ "እኔ መማር የምፈልገው አኒሜሽን ነው፤ የት ልሙላ?" ልጆቹ በስልካቸው የሠሯትን አጭር ካርቱን ቲክቶክ ላይ ይለቃሉ፤ ወላጅ ደግሞ "ካርቱን ተምሮ ምን ሊበላ ነው?" ብሎ ይጨነቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ምርጫው አንዴ ከተሞላ መቀየሩ ቀላል አይደለም፤ በግ ሸጦ ልጁን የሚያስተምር ቤተሰብም ሁለተኛ ዕድል ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

መልሱን በአጭሩ እናስቀድም። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አኒሜሽን ራሱን ችሎ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ሕግ የሚመደቡበት የተለመደ የትምህርት ክፍል አይደለም። ስሙን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ተማሪ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ስሙን ለጥፎ ገንዘብ የሚቀበል ቦታ ሄዶ ይወድቃል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ይህ ዩኒቨርሲቲ ከአኒሜሽን ውስጥ የትኛውን ክፍል ያስተምረኛል? የቀረውንስ እኔ ራሴ እንዴት እሞላዋለሁ?"

አኒሜሽን ስንት ሙያ ነው?

አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 የቆሙ ምስሎች አሉት። በእጅ የሚሳሉ ካርቱኖች ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆዩት ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። እንደዚያም ሆኖ የአንድ ደቂቃ ካርቱን 720 ሥዕል ይፈልጋል። ስልካችሁ ላይ በአንድ ጣት የምታሳልፏት ቪዲዮ ከኋላዋ ይህን ያህል ሥራ አለባት።

ሥራው በደምሳሳው በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው የሥዕል ሥራ ነው። ገጸ ባሕርይ መንደፍ፣ የሰውና የእንስሳት አካል አሠራር ማወቅ፣ ጀርባውን መሳል፣ ቀለም መምረጥ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው የኮምፒውተር ሥራ ነው። በሦስት ገጽታ የሚታይ ሞዴል መሥራት፣ ለሞዴሉ አጥንትና መገጣጠሚያ ማበጀት፣ ብርሃን መስጠት፣ በመጨረሻም ሬንደር አድርጎ ምስሉን ማውጣት ነው። ሒሳብና ፕሮግራሚንግ የሚወድ ልጅ እዚህ ቦታ አለው፤ እጁ ባይስል እንኳ።

ሦስተኛው የታሪክ ሥራ ነው። ድርሰት፣ ስቶሪቦርድ (ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ትዕይንቱን በተከታታይ ሥዕል ማስቀመጥ)፣ የድምፅ ትወና፣ ኤዲቲንግና ዳይሬክቲንግ ማለት ነው።

በትልልቅ የውጭ ስቱዲዮዎች እነዚህን ሦስቱን የሚሠሩት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በእኛ አገር ግን ቡድኑ ትንሽ ስለሚሆን አንድ ሰው ሁለቱን፣ አንዳንዴም ሦስቱንም መቻል አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከሦስቱ የትኛውን ነው ማንም ሳያዝዘኝ የምሠራው?

ቀድመው የገቡት በየት በር ገቡ?

ብሩክታዊት ጥጋቡ የታወቀችው "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በተባለው የልጆች ፕሮግራም ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋን ቀጭኔዋን ፀሐይን የማያውቅ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ብሩክታዊት አኒሜሽን ተምራ አልተነሳችም፤ የሕፃናት መምህርት ነበረች። የኮምፒውተር ባለሙያ ከሆነው ባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች። ሥራው በአሻንጉሊት ተጀምሮ በኋላ "ጥበብ ገርልስ" ወደተባለው፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ወደሚታገሉበት አኒሜሽን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 ብሩክታዊት ከሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆናለች። አንድ አስተማሪና አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነው ነው የጀመሩት። በሦስተኛውና በሁለተኛው በር ገቡ ማለት ነው።

ሌላው ዕዝራ ውቤ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ የሚኖር ሰዓሊ ነው፤ የተማረውም ሥነ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 "ሒሳብ" የተባለች አጭር አኒሜሽን ሠራ። ሸራ ላይ ይስላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ላይ መልሶ ይስላል። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ተሳፈሩ፤ አህያ ሒሳቧን ከፈለች፣ ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፣ ውሻ መልሱን ተቀማ። ለዚህ ነው መኪና ሲመጣ አህያ ንቅንቅ የማትለው፣ ፍየል የምትሮጠው፣ ውሻ የሚያባርረው! ከሰፈር ቀልድ የተነሳች ሥራ ውጭ አገር በሥነ ጥበብ ማሳያዎች ላይ ታየች። ዕዝራ በመጀመሪያው በር ነው የገባው።

ከሩቅ ደግሞ አንድ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካር የአኒሜሽን ፊልም ሽልማትን የወሰደው "ፍሎው" የተሠራው በነፃ በሚገኘው ብሌንደር ሶፍትዌር ነው። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ከትንሿ አገር ከላትቪያ ነው፤ ከዚያ በፊት "አዌይ" የተባለውን ረጅም ፊልሙን ብቻውን ነው የሠራው። ይህን ስንል "ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም" ለማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ጊዜ፣ ጓደኛ፣ መምህርና የሥራ ወረቀት ይሰጣል። ግን የዲግሪው ስም "አኒሜሽን" ስላልሆነ ብቻ ሕልማችሁ አይዘጋም።

በአገር ውስጥ ያሉት በሮች

▪️ የሥዕል በር፦ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት

በሰዓሊ አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የተመሠረተው ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ኅትመትና ግራፊክ ዲዛይን የሚማሩበት ነው። ለአኒሜሽን የሚያስፈልገው የእጅ መሠረት በአገራችን ከዚህ የተሻለ የሚገኝበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ልብ በሉ ግን፦ ወደዚህ የሚገባው በማትሪክ ውጤት ብቻ አይደለም፤ በተግባር የሥዕል ፈተናም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ቶሎ ቶሎ መከታተል፣ የሥዕል ደብተርም አስቀድሞ ማዘጋጀት ግድ ነው። ማስታወቂያ የወጣ ቀን እርሳስ የሚገዛ ልጅ ዘግይቷል።

▪️ የኮምፒውተር በር፦ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና መሰሎቹ

በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለእኛ ቅርባችን ነው። ስንቅ ለመላክም፣ ሲታመም ለመጠየቅም፣ ለበዓል ለመምጣትም ከሌሎቹ ይቀላል። ኮምፒውተር ሳይንስ እዚያም፣ በሌሎች ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም አለ። ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ መጀመሪያ የምትመደቡት ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የትምህርት ክፍሉ የሚለየው ከጋራ ኮርሶቹ በኋላ ባላችሁ ውጤት ነው። የአንደኛ ዓመት ቸልተኝነት ብዙ ልጅ ካልፈለገበት ክፍል ጥሏል። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ነው። ስለዚህ ይህን የሚያስብ ልጅ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ መስመሩን መለየት አለበት።

▪️ የታሪክ በር፦ ቴአትርና ፊልም

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቆየ የቴአትር ጥበባት ትምህርት አለው፤ በፊልም ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ከፍቷል። መጻፍ፣ መተወን፣ ማዘጋጀት የሚወድ ልጅ በዚህ ገብቶ አኒሜሽኑን ጎን ለጎን መማር ይችላል።

▪️ የግል ኮሌጅና አጭር ሥልጠና

አዲስ አበባ ውስጥ "አኒሜሽን"፣ "ግራፊክስ"፣ "ቪዲዮ ኤዲቲንግ" እያሉ የሚያሠለጥኑ ቦታዎች ብዙ ናቸው። ጥሩም አለ፣ ለስም ብቻ የቆመም አለ። ዲግሪ እንሰጣለን የሚሉ ከሆነ ከኢትዮጵያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳላቸው አረጋግጡ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለየፕሮግራሙ፣ ለየካምፓሱ፣ ለመደበኛና ለርቀት ለየብቻ ነው። "ዕውቅና አለን" ሲሏችሁ "ለየትኛው ፕሮግራም? በየትኛው ካምፓስ?" በሏቸው።

ከመምረጣችሁ በፊት አምስት ጥያቄ

1. የኮርሱን ዝርዝር አይታችኋል? የክፍሉ ስም ሊያታልል ይችላል። የአካል ሥዕል፣ የኮምፒውተር ግራፊክስ፣ ስቶሪቦርድ፣ ኤዲቲንግ የሚሉ ኮርሶች አሉበት? በስንተኛ ዓመት ላይ?

2. የተመረቁት ልጆች ምን ሠሩ? ሥራቸውን አሳዩን በሉ። አንድ የሚታይ ሥራ ከአሥር ብሮሹር ይበልጣል።

3. ላቡ ስንት ኮምፒውተር አለው? እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ብሌንደርን ለማስኬድ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋል። የራሳችሁ ላፕቶፕ ከሌላችሁ ላቡ ማታ ተዘግቶ ያድራል ወይስ አያድርም የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው።

4. የመመረቂያ ሥራችሁን አኒሜሽን ማድረግ ይፈቀዳል? የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጌም ወይም የትምህርት አኒሜሽን ሠርቶ፣ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ አጭር ካርቱን ሠርቶ ቢመረቅ ያ ሥራ ለሥራ ፍለጋም የሚያገለግለው ማስረጃ ነው።

5. የት አድራለሁ? ምንስ እበላለሁ? በመንግሥት ወጪ የተመደበና በግሉ ከፍሎ የሚማር ተማሪ አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ የትምህርት ክፍያውን ሊበልጥ ይችላል። ሒሳቡን ለአንድ ወር ሳይሆን ለአራት ዓመት አስሉት።

ወደ ውጭ ለሚያስቡ

በዓለም ስማቸው የታወቀ የአኒሜሽን ትምህርት ቤቶች ፓሪስ ያለው ጎብለንና ካሊፎርኒያ ያለው ካልአርትስ ናቸው። የካልአርትስ የአንድ ዓመት ክፍያ ብቻ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ያለ ስኮላርሺፕ ለእኛ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ ሆኖም ለተማሪ ቪዛ በዝግ የባንክ ሒሳብ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት የሚጠየቅበት ጊዜ ነው ያለነው። "ነፃ ነው" ሲባል ይህን አብራችሁ ስሙ።

ለእኛ ልጆች የሚቀርበው መንግሥታት የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ (ቱርኪዬ ቡርስላሪ) የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ የወር ገንዘብና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ ጥር መጀመሪያ ላይ ተከፍቶ የካቲት አጋማሽ ላይ ይዘጋል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት ከ70 በመቶ ያላነሰ ይጠይቃል። ኤስኪሼሂር ከተማ ያለው አናዶሉ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የአኒሜሽን ክፍል አለው። የሥነ ጥበብ ክፍሎች ግን የችሎታ ፈተና ወይም የሥራ ናሙና ሊጨምሩ ስለሚችሉ ከመሙላት በፊት መስፈርቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ህንድና ቻይናም የመንግሥት ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ ቤጂንግ ፊልም አካዳሚ የአኒሜሽን ትምህርት ቤት አለው፣ ህንድ አህመዳባድ ያለው ብሔራዊ የዲዛይን ተቋምም አኒሜሽን ፊልም ያስተምራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቱርክ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በነፃ ነው። "ፎርሙን ልሙላልህ፣ ቦታ ልያዝልህ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ስታዩ ራቁ። ፎርሙን ራሳችሁ መሙላት ካቃታችሁ የእንግሊዝኛ መምህራችሁን ጠይቁ።

ውጤት ያልመጣለት ልጅስ?

ይህን መሸሽ አንችልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። አብዛኛው ልጅ በመጀመሪያው ሙከራ በዚህ በር አላለፈም ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ የመቁረጫ ነጥቡን ያገኘ በሪሜዲያል ፕሮግራም የመግባት ዕድል አለው። ሌላው በቴክኒክና ሙያ በኩል ኮምፒውተር ነክ ሙያ መያዝ ይችላል። አኒሜሽን ደግሞ ከብዙ ሙያ በተለየ ቀጣሪው መጀመሪያ የሚያየው ሥራውን ነው። "ዲግሪህን አሳየኝ" ከማለቱ በፊት "የሠራኸውን አሳየኝ" ይላል። ያልተሳካለት ልጅ ውጤቱን ይዞ ቤት ከሚቀመጥ፣ ዓመቱን የሥራ ናሙና የሚሰበስብበት ቢያደርገው ያተርፋል።

ሞላሌ ሆኖ ምን መጀመር ይቻላል?

ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ላፕቶፕ የሌለው ይበዛል። ይህን እናውቃለን። ስለዚህ ያለውን ይዘን እንጀምር።

✔️ ደብተርና እርሳስ። በየቀኑ አምስት ሰው ወይም እንስሳ ከሕይወት ሳሉ፤ ከፎቶ አይደለም። ገበያ ቀን ተቀምጦ የሚሳል ልጅ በየትኛውም የሥዕል ፈተና ላይ ይለያል። ሌላው ዓለም ጭላዳ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሣር እንዴት እንደሚነቅል የሚያየው በፊልም ነው። ለእኛ ጓሳ ጎረቤታችን ነው።

✔️ ስልክ። ፍሊፓክሊፕ የተባለው የስልክ መተግበሪያ በጣት እየሳሉ ፍሬም በፍሬም ለመሥራት ያስችላል። መጀመሪያ የምትነጥር ኳስ፣ ቀጥሎ የሚራመድ ሰው ሥሩ። በዓለም ያሉ የአኒሜሽን ተማሪዎችም የሚጀምሩት በእነዚህ ሁለት ልምምዶች ነው።

✔️ ሱፍ! የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር በርኖስ፣ ባናና ዝተት ሲሠራ ኖሯል። ቤልጂየማውያኑ ኤማ ደ ስዋፍና ማርክ ጄምስ ሮልስ ደግሞ ከሱፍ በተሠሩ አሻንጉሊቶች "ኦ ዊሊ" የተባለውን ተሸላሚ አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2012 ሠርተዋል። አሻንጉሊቱን ትንሽ ማንቀሳቀስ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ደግሞ ትንሽ ማንቀሳቀስ ነው ሥራው። ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ስልክ፣ ስልኩን የሚያቆም ነገርና ትዕግሥት ነው። ሱፉ ከቤት አለ።

✔️ ነፃ ትምህርት። የደቡብ አፍሪካው ትሪገርፊሽ ስቱዲዮ ትሪገርፊሽ አካዳሚ በሚል በነፃ የሚሰጠው የኦንላይን ትምህርት አለው። ብሌንደር፣ ክሪታና ኦፕንቱንዝ የተባሉት ሶፍትዌሮችም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሲኖር በፍላሽ አስጭናችሁ አስመጡ፤ ለትምህርት ቪዲዮዎችም እንዲሁ አድርጉ።

እነዚህን ለስድስት ወር የሠራ ልጅ ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ ለሥዕል ፈተናም ለስኮላርሺፕም የሚያቀርበው ፖርትፎሊዮ ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ ሥራውን በእውነት ይወደው እንደሆነ ያውቃል። አንዳንዱ ማየቱን እንጂ መሥራቱን እንደማይወድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ከአራት ዓመት በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

ለወላጆች

እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ልጃችሁ "አኒሜሽን" ሲል ጨዋታ መስሏችሁ አትቆጡ፤ ደግሞም ዝም ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። "የሠራኸውን አሳየኝ" በሉት። የሚያሳየው ካለ ሥራው እውነት ነው። ገበያው ሰፊ ነው ብለን አንዋሽም፤ ግን አለ። ማስታወቂያ፣ የጤናና የትምህርት መልእክቶች፣ የልጆች ተረት፣ የቴሌቪዥን ግራፊክስ ሁሉ ይህን ሙያ ይፈልጋሉ።

የእኛ ምክር ይኼ ነው። እጁ የሚስል ልጅ ለአለ ትምህርት ቤት የሥዕል ፈተና ከዛሬ ይዘጋጅ። ሒሳብና ኮምፒውተር የሚቀናው በአቅራቢያ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማርና አኒሜሽኑን ማታ ማታ ይሥራ። ተረት የሚቀናው ቴአትርና ፊልምን ይመልከት። ውድ የግል ሥልጠና የሚከፈለው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ልጁ የጎደለውን ለይቶ ሲያውቅ ብቻ ነው።

አያትህ ወይም አያትሽ ማታ እሳት ዳር ያወሩት ተረት እስካሁን ማንም በካርቱን አልሠራው ይሆናል። ከዚያ ጀምሩ።

መልካም ዕድል ለተማሪዎቻችን! ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩለት።